ምስጥ የበላው መጨረሻ

ትልልቅ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ስለ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ያውም በመጽሐፍ ውስጥ እንጂ በምድር ላይ ስለሌለች ልጅ ሲጨቃጨቁ ያየ ሰው «ሥራ ፈቶች» ቢል አልፈርድበትም። እኔ ከሥራ ፈቶቹ አንዷ ነበርኩ። ጂንካ በኖርኩባቸው ዓመታት ከሰው የተቆጠርኩት እዚያ ክብ ውስጥ ብቻ ነው። ክቡን ያፈረስኩትም እኔው ነኝ።

ጂንካን የሰጠችኝ የገዛ እጄ ናት። በሰባዎቹ መጀመሪያ ከመምህራን ማሠልጠኛ ስንመረቅ ዕጣ አወጣን፤ የተጠቀለለችውን ወረቀት ስፈታ የማላውቀው ስም ተጽፎባታል። አሰላ ያሉ ዘመዶቼ እንደ ሞትኩ አድርገው አለቀሱ። አብራኝ የተመደበች አንዲት ልጅ ስለነበረች እኔ ያን ያህል አልከፋኝም። ቤት በጋራ ተከራየን፤ አንድ ድስትና አንድ ፋኖስ ገዛን። ዓመት ሳይሞላን እሷ አግብታ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረች። ድስቱንና ፋኖሱን ትታልኝ ሄደች፤ ለአንድ ሰው ድስቱ በጣም ትልቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ብቸኝነት እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። የሚያስለቅስ ዓይነት አልነበረም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከበቆሎና ከሙዝ ሻጮች ጋር ሁለት ቃል እለዋወጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሰኞ የሚያናግረኝ የለም። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» ስል ድምፄ ይሻክርና ጉሮሮዬን መጥረግ ይኖርብኛል። ተማሪዎቼ ጉንፋን የማይለቃት አስተማሪ ይሉኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ደግሞ ኩሩ ናት አሉ። ቶሎ ግልፍ የሚለኝ ሰው መሆኔ እውነት ነው፤ ኩሩ ግን አልነበርኩም። ሰው ደጅ ቆሜ «ቤቶች!» ማለት አላውቅበትም፤ ይኸው ነው።

የቀበሌው ንባብ ቤት ተደራቢ ሥራ ሆኖ ሲሰጠኝ ባልደረቦቼ አዘኑልኝ። እኔ ግን ቁልፉን ስቀበል ደስ አለኝ። ንባብ ቤቱ ከአውሮፕላን ሜዳው ዳር ያለ የጭቃ ቤት ነው። ሜዳው ከተማው መሀል የተንጣለለ ሣር ስለሆነ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን የከብት ነው። በሚመጣበት ቀንም የከብት ነው፤ ዘበኛው ፊሽካ እየነፉ እስኪያባርሯቸው ድረስ። መደርደሪያው ላይ ቀይ ሽፋን ያላቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ አቧራቸውን ከምጠርገው ከእኔ በቀር የሚነካቸው የለም። ከሥር ግን አንድ ካርቶን ተቀምጦ ነበር። ለየትኛው ትምህርት ቤት የተላከ እንደሆነ እንጃ፤ ተሳስቶ እኛ ዘንድ ቀርቷል። ስከፍተው በውስጡ የነበሩት ለወጣቶች የተጻፉ ልብ ወለዶች ናቸው፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቅጂ።

መጀመሪያ የመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የመጣችው ለንባብ አይደለም፤ ልብስ ከመቁረጧ በፊት ልኩን የምታወጣበት አሮጌ ጋዜጣ ፍለጋ ነው። አያቶቿ ከሰሜን መጥተው ከጂንካ አጠገብ ባኮ የሰፈሩ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከሲንጀሯ ድምፅ በላይ የሚሰማ ሴት ነበረች። ጋዜጣ እስክፈልግላት ቆማ አንዱን የወጣት መጽሐፍ ገለጠችና ጋዜጣውን ረስታ መጽሐፉን ይዛ ሄደች። ቀጥሎ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መጡ፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሚስትና ልጆቻቸው አዲስ አበባ ያሉ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። ከዚያ ጤና ረዳቱ መጣ። የአገሩ ተወላጅ፣ የአሪ ልጅ ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ቸርቻቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ የሚሄድበት አጥቶ ከተማውን ሲዞር ይውላል።

አምስተኛው የሜዳው ዘበኛ ናቸው። እሳቸውም አሪ ናቸው፤ አማርኛን በጎልማሳነታቸው፣ ፊደልን በመሠረተ ትምህርት ነው የተማሩት። ምስክር ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ዝናብ ሲጥል በረንዳችን ላይ ይጠለሉ ነበር። አንድ ቀን በበሩ አንገታቸውን አስገብተው «አስተማሪ፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚስቀው በምንድነው? ለእኔም ስጡኝ» አሉ።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጤና ረዳቱ በአንድ ቀን ጨርሶ መጨረሻውን ዘረገፈው። ልብስ ሰፊዋ ሁለት እሑድ አኮረፈች። ነገሩን የፈቱት ሬጅስትራሩ ናቸው። «ማስረጃ ያለ ተራው አይገለጥም» አሉና መጽሐፎቹ እንዲበለቱ አስወሰኑ። ከዚያ ወዲያ ጤና ረዳቱ እያንዳንዱን መጽሐፍ በምላጭ ከስፌቱ ይፈታል፤ አምስት ቦታ ይከፍላል፤ እያንዳንዱን ክፋይ በቁስል መስፊያ ክር መልሶ ይሰፋል። ልብስ ሰፊዋ ስፌቱን ገልብጣ እያየች «ሰው ስትሰፋም እንዲህ ነህ? እግዜር ይሁናቸው!» ትለዋለች። ሬጅስትራሩ ክፋዮቹን በየፖስታው ከትተው፣ አሽገው፣ አፉ ላይ ይፈርማሉ። እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፋለሁ። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት አንድ ፖስታ ይከፈታል። ሰኞ እኔ አነባለሁ፤ ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ፣ ረቡዕ ሬጅስትራሩ፣ ሐሙስ ጤና ረዳቱ። ዘበኛው ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ስለሚያነቡ ዓርብና ቅዳሜ ተሰጣቸው። በሚቀጥለው እሑድ በዚያች ክፋይ ላይ እንነጋገራለን። ከዚያ ቀድሞ ያወራ ለሁሉም ሻይ ያፈላል።

ጤና ረዳቱ ፖስታ ሲታሸግ ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። «የታሸገ ነገር ይጨንቀኛል» አለኝ አንድ ቀን። ምኑን እያነሳ እንደሆነ ገባኝ።

አንድ እሑድ የቀበሌው ካድሬ ሳይታሰብ ገባ። አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር የተጣላችው በማን ጥፋት ነው ብለን እየተሟገትን ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ቆማለች፣ ሬጅስትራሩ ጣታቸውን ቀስረዋል። «ጓዶች፣ ይህ የልጆች መጽሐፍ አይደለም እንዴ?» አለ። ሬጅስትራሩ ቀስ ብለው ተነስተው «ወጣቱን ትውልድ ማወቅ አለብን ብለን ነው፣ ጓድ» አሉና ቃለ ጉባኤውን አሳዩት። እውነትም በየሳምንቱ «በወጣቱ አስተዳደግ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» እያሉ ጽፈዋል። ካድሬው አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሊወጣ ሲል ግን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ከእናቷ ጋር ታረቀች?» ብሎ ጠየቀኝ።

የልጅ መጽሐፍ ለምን እንደያዘን ቆይቶ ነው የገባኝ። በዚያን ጊዜ ስለ ትልልቅ ሰዎች ማውራት አያዋጣም፤ ሆድ ካገር ይሰፋል ብሎ መዋጥ ነው። ስለ ልጅ ግን ሰው የልቡን ይናገራል። ልብስ ሰፊዋ ስለ ባሏ ሞት የተናገረችው አባቱ ስለሞተበት የመጽሐፍ ልጅ እያወራች ነው። ሬጅስትራሩ የገዛ ልጃቸው ድምፅ ምን እንደሚመስል እንደረሱ የነገሩን አንድ ልጅ ከአባቱ ጋር በተኳረፈበት ምዕራፍ ላይ ነው። እኔ ብዙ አልናገርም ነበር፤ ግን እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ወንበሬ ባዶ ከሆነ «የት ሄደች?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ ቀሚሴን አጥቤ አሰጣ ነበር።

እንዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሄድን። በካርቶኑ ሥር አንድ መጽሐፍ ቀረ።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄዷል። መጀመሪያ በየወሩ ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። አባቷ ተቀይሞ ስሙ ቤት ውስጥ እንዳይነሳ ከለከለ። እሷ ዳቦ በነጠላ ቋጥራ፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ ፖስታ ይዛ፣ ማኅተሙ ላይ የተጻፈውን ከተማ ስም እየጠየቀች ፍለጋ ወጣች። ታሪኩ ይኸው ነው።

«እኔ እናቷ ብሆን በጥፊ ነበር!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሬጅስትራሩ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ መውጣቷን አልወደዱትም። ጤና ረዳቱ የእግሯ ነገር አሳሰበው፤ ሦስት ቀን በዚያ ጫማ ከተጓዘች ተረከዟ መላጥ አለበት፣ ጸሐፊው ይህን ረስቷል አለ። ሁላችንም ግን ስናወራ ወደ ዘበኛው አናይም ነበር። ሚስታቸው ሞታለች። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው፤ ከሄደ በኋላ አንድ ደብዳቤ ብቻ መጥቶ ዓመት ከምናምን ጭጭ ብሏል። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከብቱን አባርረው ሲጨርሱ ፊሽካቸውን እንደያዙ የፖስታ ጆንያው እስኪወርድ ቆመው ያያሉ።

«ልጅቷ አልተሳሳተችም» አሉ ዘበኛው በሦስተኛው እሑድ። «ቁጭ ብሎ ማየት ከመንገድ ይብሳል። ያደክማል።»

ሬጅስትራሩ ቃለ ጉባኤያቸውን ከደኑ።

አራተኛው ክፋይ የሚያልቀው ልጅቷ የአንድ ቤት በር ስታንኳኳ ነው። የምትፈልገው ሰው እዚህ ይኖራል ብለዋታል። ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ጤና ረዳቱ በምላጭ ቆርጦታል። ልብስ ሰፊዋ «እጅህ ይቆረጥ!» አለችው፤ አምስተኛው ፖስታ ሲከፈት ሁሉም ከእጄ ሊነጥቁት ምንም አልቀራቸውም። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ሰኞ የእኔ ቀን ናት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጄ ላይ ተቀምጬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አነበብኩት። በሩን የከፈተው ወንድሟ ነው። የከፈተው በግራ እጁ ነው። ቀኝ እጁን ጥጥ የሚፈለቅቅ ማሽን ቀጥቅጦታል፤ መጻፍ አይችልም። በሌላ ሰው እንዳያስጽፍ ደግሞ፣ ቤተሰቦቹ የማያውቁት የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ «ሞቷል» ብለው እንዳይደነግጡ ፈራ። እንዲህ እያለ ወሩ ዓመት ሆነ፤ ፍርሃቱም እፍረት ሆነ። እሷ ከጎኑ ቁጭ ብላ ለአባታቸው ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

አለቀስኩ። ወዲያው ያሰብኩት ዘበኛውን ነው፤ ዓርብ ይህን ሲያነቡ ፊታቸው ምን እንደሚመስል። አለመጻፍ መሞት እንዳልሆነ በፊደል ተጽፎ ያዩታል ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ክፋዩን አጥፌ ስነሳ ካርቶኑ ባዶ መሆኑ ትዝ አለኝ። የሚቀጥለው እሑድ የመጨረሻው እሑድ ነው። ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊዋ ወደ ሲንጀሯ፣ ሬጅስትራሩ ወደ መዝገባቸው፣ እኔም ወደ ትልቁ ድስቴ።

ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ ልትወስድ ስትመጣ «ራሴን አሞኝ አልጨረስኩትም» አልኳት። ረቡዕም አልጨረስኩም። እሑድ ሲደርስ ከእኔ በቀር ማንም አላነበበውም ነበርና፣ ልጅቷን በሩ ላይ እንደቆመች ትተን ስንገምት ዋልን። ልብስ ሰፊዋ የተቀቀለ ጎደሬ ይዛ መጣች። ጤና ረዳቱ የወንድምየውን ድምፅ እያስመሰለ «ማነው?» ሲል ሬጅስትራሩ እንኳ እስኪያለቅሱ ሳቁ። እስኪመሽ አልተነሳንም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከሰው ጋር የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቤቴ ስገባ ያቺን ክፋይ ከልብስ ሳጥኔ ሥር አስገባኋት። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲያፋጥጡኝ «መሬት ላይ ትቼው ምስጥ በላው» አልኩ።

ሌላ አገር ቢሆን ይህ የሰነፍ ተማሪ ምክንያት ነው። ጂንካ ውስጥ ግን የማያምነው የለም። ምስጥ የመደርደሪያችንን እግር በልቷል፤ ከሬጅስትራሩ ቢሮ አንድ ሳጥን ሙሉ መዝገብ በልቶ ተከራካሪዎቹን እንደ አዲስ አስጀምሯል። አንድ ሰው እንኳ «እስቲ የተረፈውን አሳዪን» አላለኝም። ልብስ ሰፊዋ «አይዞሽ እቴ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» ብላ አቀፈችኝ። ሰው ካቀፈኝ ስንት ጊዜዬ ነበር! እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ብናገር ግን እጇን ከላዬ ታነሳለች ብዬ ፈራሁ።

«አንብበሽው ነበር?» አሉ ሬጅስትራሩ።

«ሳልጀምረው» አልኩ።

ሬጅስትራሩ በቃለ ጉባኤው ላይ «የመጨረሻው ክፍል በምስጥ በመበላቱ እያንዳንዱ አባል የራሱን መጨረሻ እንዲያቀርብ ተወስኗል» ብለው ጻፉ። በየእሑዱ አንድ ሰው። እኔ አምስት እሑድ አተረፍኩ ብዬ በሆዴ ተደሰትኩ፤ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ደስታ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወንድምየውን ከሀብታም ቤት ዳረችው፤ ሠርግ ደገሰች፤ ልጅቷንም አዲስ ቀሚስ አለበሰቻት። ሬጅስትራሩ በሐሰት ተከስሶ ታስሮ ነበር፣ ይግባኝ ብሎ ወጣ አሉ። ጤና ረዳቱ ወባ ይዞት ነበር ብሎ በኪኒን አዳነው።

አራተኛው እሑድ የእኔ ነው። እውነተኛውን እንዳልነካ ፈርቼ ከእሱ የራቀውን ሁሉ ፈለግሁ፤ ስሸሽ ክፉው ላይ ወደቅሁ። «በሩን የከፈተው ሌላ ሰው ነው» አልኩ። «የምትፈልጊው ልጅ ከሄደ ቆየ፣ የት እንደገባ አናውቅም አላት።» ዘበኛው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ ገሠጸችኝ። የተናገርኩትን መመለስ አልቻልኩም፤ ቀና ብዬ ማንንም ሳላይ ዋልኩ።

በአምስተኛው እሑድ ዘበኛው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። «የእርስዎ ተራ ነው» አሏቸው ሬጅስትራሩ።

«እኔ የለኝም» አሉ። «እኔ ያመጣሁት ለእኔ ምን ያደርጋል? እናንተም ያወራችሁት ጥሩ ነው፤ ግን የእናንተ ነው። እኔ የምፈልገው የተጻፈውን ነው።»

ሌሎቹ ሲሄዱ እሳቸው ቀሩ። መስኮት ልዘጋ ስነሳ ከኋላዬ መጡ። «አስተማሪ፣ ትንሽ አላየሽም? አንድ ገጽ?»

«አላየሁም፣ አባባ።»

«ያ ድምፅ፣ ‹ማነው› ያለው... የወንድሟ ነው፣ የሌላ ነው? ይህን ብቻ።»

«አላነበብኩትም አባባ» አልኩና መስኮቱን ዘጋሁ። ጠንከር አድርጌ ሳልዘጋው አልቀረሁም፤ ግልፍተኝነቴ ሁልጊዜ የሚመጣው ጥፋተኛ ስሆን ነው።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ዝናቡ አባራ፤ መንገዱ ደረቀ። አንድ የገበያ ቀን ዘበኛው ወደ ንባብ ቤቱ መጡ። ዱላ ይዘዋል፤ ትከሻቸው ላይ የበቆሎ ቂጣ የተቋጠረበት ጨርቅ አለ።

«ልሄድ ነው» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ሰሜን። ልጄን ላየው።»

«አባባ፣ እዚያ እኮ ጦርነት ነው! ማን ያሳልፍዎታል? የት ብለው ይጠይቃሉ?»

«ያቺ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ናት። ሄዳለች» አሉ። «እኔን ሽማግሌውን ምን ያዘኝ?» ከዚያ ያን ረጋ ያለ ሳቃቸውን ሳቁ። «አስተማሪ፣ አታስቢ። ምስጥ የበላውን ቦታ እኔ ደርሼ አያለሁ። መጥቼ እነግርሻለሁ።»

ክፋዩ ከልብስ ሳጥኔ ሥር ነው። ቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የሚሳፈሩበት የጭነት መኪና ገበያው ዳር ቆሞ ገና ይጭናል። «ይጠብቁኝ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አውቄዋለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ ራሴን ላጽናና አልችልም። ግን ብናገር ያ ሽማግሌ እንዴት እንደሚያየኝ ፈራሁ። ከመጥፋታቸው ይልቅ ከፊታቸው ማፈር ከበደኝ። «በሰላም ይግቡ፣ አባባ» አልኩ። ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝ።

መኪናው ሲነሳ ሰማሁት። ያን ጊዜ ሮጥኩ። ቤት ገብቼ፣ ሳጥኑን ገልብጬ፣ ክፋዩን ይዤ ገበያው ጋ ስደርስ አቧራው ብቻ ቀርቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በማግስቱ በዚያው መንገድ ወዳለችው ወይጦ ለሚሄድ ሾፌር ሰጥቼ «እንዲህ ያሉ ሽማግሌ ካገኘህ» ብዬ ለመንኩት። በሦስተኛው ቀን መልሶ አመጣልኝ። ወይጦ አድረው ጠዋት በኮንሶ በኩል አልፈዋል አሉት።

ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ ተሰበሰብን። አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ማንም ሊቀመጥበት ወይም ሊያነሳው አልደፈረም። በሦስተኛው እሑድ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሬጅስትራሩ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። ጤና ረዳቱ ወደ ዲመካ ተዛወረ። ልብስ ሰፊዋ መንገድ ላይ ስታገኘኝ አሁንም ታቅፈኛለች፤ በታቀፍኩ ቁጥር ያ ክፋይ በመካከላችን ያለ ይመስለኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔዋ እያደር ከበደች። ዝውውር ብጠይቅ አገኝ ነበር፤ አልጠየቅሁም። ምናልባት ቢመለሱ፣ ምስጥ የበላውን አየሁት ቢሉኝ፣ እኔም አለኝ ልላቸው ብዬ ነው። ዓመቱ ዓመትን ወለደ፤ ስለ እሳቸው የሰማ ሰው የለም። በሜዳው ሌላ ዘበኛ ተቀጠረ፤ እሱ ከብት የሚያባርረው በድንጋይ ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሮች በእግራቸው ወደየአገራቸው መግባት ጀመሩ። ሁለት ሦስት እየሆኑ በጂንካ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ጫማ የለውም። አዲሱ ዘበኛም በግርግሩ ሥራውን ትቶ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል ተባለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ንባብ ቤት ተቀምጬ ፊሽካ ሰማሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም። ያን አነፋፍ የማውቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነው። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ሽማግሌው አይደሉም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ወታደር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። ፊቱን ሳየው ግን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጃቸው በሕይወት ተመልሷል። ቤቱን ዝግ ሆኖ አገኘው፤ ጎረቤት፣ ሽማግሌው ትተውለት የሄዱትን ፊሽካ ሰጥቶ «አባትህ ሊፈልግህ ወጥቶ ቀረ» አለው። ሥራ የሰጠው የለም፤ ግን ጠዋት ተነስቶ ወደ ሜዳው ይመጣል።

በማግስቱ ክፋዩን ይዤ ሣሩ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ እሑዶቹ፣ ስለ ምስጡ፣ ስለ ሳጥኔ። ለሌላ ሰው ነግሬው አላውቅም፤ ድምፄ እንደ ድሮው ሰኞ ጠዋት ሻከረ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እጁን ዘረጋ፤ ክፋዩን ሰጠሁት። ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ አነበበው። ረዥም ጊዜ ወሰደበት። እኔ ከብቶቹን አያለሁ።

«አባቴ ይህን ቢያነብ ይቀር ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም» ልል ነበር። «ይቀሩ ነበር» አልኩት።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ክፋዩን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀኝ እጁን ዘረጋና መዳፉን፣ ከዚያም ጀርባውን አየ። ጣቶቹን አጠፈ፤ ዘረጋ።

«እኔ እጄ ደህና ነበር» አለ።

እኔም እጁን አየሁ።

«ወረቀትም ነበረን። ዛሬ ነገ ስል ነው» አለ። ከዚያ ክፋዩን መለሰልኝ። እሱም አላለቀሰም፣ እኔም አላለቀስኩም።

ከተራራው በስተጀርባ ድምፅ ተሰማ። ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ የነበረው አውሮፕላን ነው። ልጃቸው ተነስቶ ፊሽካውን እየነፋ ወደ ከብቶቹ ሮጠ። በወዲያ ማዶ የተኙት ግን አልሰሙትም። እኔም ተነሳሁ፤ ክፋዩን ብብቴ ውስጥ አድርጌ፣ ከአጥሩ አንድ ቀጭን እንጨት ሰበርኩና በወዲያ ማዶ ያሉትን ማባረር ጀመርኩ።